ልጅ ዘገየብን፤ ምርመራው ከማን ይጀምራል?

ጥያቄ፦ የሐይቅ ዳሯ

የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣ ይህን ጥያቄ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። የምኖረው ሐይቅ ከተማ ሲሆን ዕድሜዬ 31፣ የባለቤቴ ደግሞ 36 ነው። ከተጋባን አራት ዓመት አልፎናል። መጀመሪያ ላይ ትምህርቴን እስክጨርስ ድረስ ተነጋግረን በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የወሊድ መከላከያ መርፌ እወጋ ነበር፤ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆኖኛል። ካቆምኩ በኋላ የወር አበባዬ ስምንት ወር ያህል ጠፍቶ ቆየ፤ ከተመለሰ ወዲህ ግን በየ28 ወይም በየ30 ቀኑ ሳያዛንፍ ይመጣል። የሚመጣበትን ቀን በአንድ የተማሪ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ እመዘግባለሁ። አሁን ገጹ ሃያ መስመር ሞልቷል፤ አዲሱን መስመር በጻፍኩ ቁጥር ደብተሩን ከልብስ ሥር መልሼ እደብቀዋለሁ።

አማቴ ደግ ሴት ናቸው፤ ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ይሁን እንጂ ባለፈው ጥር በዘመድ ሰርግ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «ዐይንሽን በዐይንሽ ያሳይሽ» እያለ ሲመርቀኝ፣ እሳቸው «አሜን» ማለት አቅቷቸው ፊታቸውን ወደ ጓዳው ሲያዞሩ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ መሄድ እየከበደኝ መጥቷል። «መርፌው ማህፀንሽን አድርቆት ነው» የሚሉኝ አሉ፤ «ሾተላይ ነው» የሚሉም አሉ። ሆድ የሚያሹ አንዲት ሴት ዘንድ ተወስጄ ሦስት ጊዜ ታሽቻለሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ቀና ብዬ መሄድ አቅቶኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ብቻዬን ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። በአልትራሳውንድ ካዩኝ በኋላ «ማህፀንሽ ደህና ነው» ብለው እንቁላል የሚያበረታ ክኒን አዘዙልኝ፤ ስድስት ወር እየተመላለስኩ ወሰድኩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ባለቤቴ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። እሱን አብረን እንመርመር ስለው «እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ምን ሆኜ?» ይልና ዝም ይላል። አይቆጣም፤ ነገር ግን ከቁጣው ይልቅ ዝምታው ይከብደኛል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በእርግጥ የጎዳኝ መርፌው ይሆን? ምርመራው መጀመር የሚገባው ከማን ነው? ደሴ ላይ እስከምን ድረስ መመርመር ይቻላል፤ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የሚያስፈልገውስ መቼ ነው? ባለቤቴንስ ሳላስከፋው በምን ቃል ላናግረው? የሚያውቅ ሰው ቢመልስልኝ ውለታው አይጠፋኝም።


መልስ 1፦ እናት ከወረኢሉ

አብሽሪ እታለም። ዕድሜዬ ከሃምሳ አልፏል፤ አንቺ አሁን የቆምሽበት ቦታ ላይ እኔም ብዙ ዓመት ቆሜያለሁና የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ባገባሁ በመጀመሪያው ዓመት የሦስት ወር ጽንስ ወርዶብኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል አተኮሰኝ፤ ከእንብርቴ በታች አመመኝ፤ ጤና ጣቢያ ሩቅ ስለነበረና ነገሩንም እንደ ነውር ስለቆጠርኩት ቤቴ ተኝቼ በላብና በትኩስ ነገር አለፈ። ከዚያ በኋላ ልጅ አልመጣም። ዓመታት ቆይቼ ሐኪም ዘንድ ስሄድ «ከዚህ በፊት አርግዘሽ ታውቂያለሽ?» ተብዬ ተጠየቅሁ፤ አማቴ አጠገቤ ቆመው ስለነበር «አላውቅም» አልኩ። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ሐኪሙ ሌላ መንገድ ያዘ፤ እኔም ለሆርሞን የሚታዘዘውን መድኃኒት ስውጥ ሦስት ዓመት ሄደ።

በመጨረሻ በማህፀን በኩል ቀለም እየተረጨ የሚነሣውን ራጅ ደሴ ላይ አነሡኝ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አሳየችኝ፤ ማህፀኔ እንደ ትንሽ ነጭ ሦስት ማዕዘን ይታያል፤ በግራ በኩል ቀለሙ ከመነሻው ቀርቷል፤ በቀኝ በኩል ቱቦው ውሃ እንደ ቋጠረ አንጀት አብጦ ጫፉ ላይ ተዘግቷል። ሐኪሟ «ይህ የቆየ ኢንፌክሽን ጠባሳ ነው» ስትለኝ ያን ያተኮሰኝን ሁለት ሳምንት አስታወስኩና አለቀስኩ። ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ፤ እዚያም ከሰውነት ውጭ የሚደረገው ማዳቀል ቱቦውን ስለሚዘል መፍትሔ ሊሆነኝ እንደሚችል፣ ነገር ግን ውሃ የቋጠረው ቱቦ አስቀድሞ መውጣት እንዳለበት ነገሩኝ። ቱቦው ወጣ፤ ማዳቀሉ ግን በዚያን ጊዜ ዕድሜዬ ከአርባ በላይ ስለነበር እንቁላሌ ጥቂት ሆኖ አልተሳካም።

ዛሬ የእህቴን ልጅ አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ፤ እናቴ ትለኛለች፣ እኔም ልጄ እላታለሁ፤ አላህን አመሰግናለሁ። ለአንቺ የምለው ግን ሐኪም ፊት ስትቀመጪ የሆነብሽን ሁሉ ሳትደብቂ እንድትነግሪ ነው። ጽንስ ወርዶብሽ ከሆነ፣ አስወርደሽም ከሆነ፣ የአባላዘር በሽታ ነክቶሽ ከሆነ፣ የሳንባ ነቀርሳ ታምመሽ ወይም ታማሚ አስታምመሽ ከሆነ፣ ምንም ሳታስቀሪ ተናገሪ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ። አማትሽ አብረውሽ ከሄዱ ደግሞ «እማማ፣ ለትንሽ ደቂቃ ከሐኪሙ ጋር ብቻዬን ልሁን» ማለት ነውር አይደለም። እኔ ያን ለማለት ድፍረት በማጣቴ ሦስት ዓመት ከፍያለሁ።


መልስ 2፦ ሐኪም ከወልድያ

ጤና ይስጥልኝ። በማህፀንና ጽንስ ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ሐኪም ነኝ። ሳላይዎትና ሳልመረምርዎት ምክንያቱ ይህ ነው ልልዎት አልችልም፤ የምጽፈው ማንኛውም ልጅ የዘገየበት ባልና ሚስት ሊያውቀው ይገባል የምለውን ነው።

በቅድሚያ ስለ መርፌው ልናገር፤ ምክንያቱም ከመርሳ እስከ ላስታ ድረስ የሚመጡ እናቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ እርሱን ነው። መርፌው እንቁላል እንዳይወጣ የሚያደርግ ሆርሞን ሲሆን መወጋቱን ካቆሙም በኋላ ከሰውነት ለመውጣት ጊዜ ይወስዳል። ልጅ የሚፈልጉ ሴቶች ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ያህል ይቆያሉ፤ ከዚያ በላይ የሚዘገይባቸውም አሉ። ማህፀን ያደርቃል፣ ለዘለቄታው ያመክናል የሚባለው ግን እውነት አይደለም። የእርስዎ የወር አበባ ከተመለሰ ሃያ ወር ሆኖታል፤ በየወሩም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፤ ይህ እንቁላል እየወጣ መሆኑን የሚያመለክት መልካም ምልክት ስለሆነ መርፌውን ከዚህ በላይ መውቀስ ጊዜዎን ይፈጅብዎታል። ሾተላይ የሚባለውም ከጥያቄዎ ጋር አይገናኝም። ሾተላይ የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጋቲቭ፣ የጽንሱ ደም ደግሞ አርኤች ፖዘቲቭ ሲሆን በሚፈጠረው አለመስማማት በተለይ ቀጥለው የሚመጡትን ጽንሶች የሚጎዳ ችግር ነው እንጂ እርግዝና ራሱ እንዳይፈጠር አያደርግም። ሆኖም የደም ዓይነትዎን ከአሁኑ ማወቁ ለነገ ይጠቅምዎታል።

ሐኪሞች ልጅ ዘግይቷል የምንለው ባልና ሚስቱ ያለ መከላከያ አዘውትረው እየተገናኙ 12 ወር አልፎ እርግዝና ሳይመጣ ሲቀር ነው። ሴቲቱ 35 ዓመት ከሞላት 6 ወር ይበቃል፤ 40 ካለፈች ደግሞ ምንም መጠበቅ አያስፈልግም። ከ100 ጥንዶች ከ80 በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ፤ ከቀሩት ደግሞ ግማሽ ያህሉ በሁለተኛው ዓመት ይሳካላቸዋል። እናንተ ይህን ጊዜ ስለጨረሳችሁ ለመመርመር ቸኮላችሁ የሚል አይኖርም። ብቻችሁንም አይደላችሁም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በሕይወት ዘመናቸው ይህ ችግር የሚገጥማቸው ከ6 ሰዎች አንዱ ያህል ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጅ ከዘገየባቸው ጥንዶች መካከል በግማሽ ያህሉ ውስጥ በወንዱ በኩል ያለ ምክንያት ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ምክንያት ጋር ተደርቦ ይገኛል። ስለዚህ ምርመራው ከማን ይጀምር ለሚለው መልሴ ከሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ነው፤ የግድ አንዱ ይቅደም ከተባለ ግን ባለቤትዎ ይቅደሙ፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ የማያም፣ መርፌ የሌለው፣ ከሌሎቹ ሁሉ ወጪው ያነሰ ነውና። ከምርመራው በፊት ከ2 ያላነሰ ከ7 ያልበለጠ ቀን መታቀብ ያስፈልጋል። ቤተ ሙከራው የፈሳሹን መጠን፣ የዘሩን ብዛት፣ እንቅስቃሴና ቅርጽ ያያል፤ ለብዛት እንደ ዝቅተኛ መነሻ የሚያዘው በ1 ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው፤ የሚንቀሳቀሱትም ቢያንስ 42 ከመቶ እንዲሆኑ ይጠበቃል። ውጤቱ ዝቅ ቢል አንድ ጊዜ ታይቶ አይፈረድም። ዘር ተሠርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚወስድ፣ ሰውየው በዚያ መካከል ትኩሳት ታምሞ ከነበረም ውጤቱ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል።

በእርስዎ በኩል ደግሞ አንድ ነገር እንዲታረም እፈልጋለሁ። አልትራሳውንድ የማህፀንን ቅርጽ፣ እጢ መኖር አለመኖሩንና የእንቁላል ማመንጫውን ሁኔታ በደንብ ያሳያል፤ የማህፀን ቱቦ ክፍት ይሁን ዝግ ግን በተለመደው አልትራሳውንድ አይታወቅም። «ማህፀንሽ ደህና ነው» የተባሉት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የዘር መንገዱ አልታየም፤ የባለቤትዎም ዘር አልታየም። የወር አበባዋ በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ለሚመጣ ሴት ሁለቱ ሳይታወቁ ስድስት ወር እንቁላል የሚያበረታ ክኒን መስጠት እምብዛም የሚጠቅማት አይደለም። ያ ክኒን ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው እንቁላላቸው በየወሩ ለማይወጣላቸው፣ የወር አበባቸው በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ለሚመጣባቸው ሴቶች ነው፤ ለእነሱም ቢሆን በክትትል ሊሰጥ ይገባል።

ስለዚህ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ሲያገኙ የሚታዘዝልዎት፣ እንቁላል መውጣቱን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው የሚወሰድ ነው፤ ያ በደብተርዎ የያዙት መዝገብ ቀኑን ለመቁጠር ስለሚረዳ ይዘውት ይሂዱ፤ አይደብቁት። የታይሮይድ ሆርሞንም ይታያል፤ እንቅርት በአገራችን ደጋ ብዙ ስለሆነ አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ከዚያ እናታችን ከወረኢሉ የጻፉት የቱቦ ራጅ ይከተላል። የሚነሣው የወር አበባ ደም እንዳቆመ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ውስጥ ነው፤ ቀለሙ ሲገባ እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም ይኖረዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን በዚያው ቀን ያልፋል። ቱቦን ከሚዘጉት ምክንያቶች ውስጥ በጊዜው ያልታከሙ የአባላዘር በሽታዎች፣ ከውርጃ በኋላ የሚመጣ ኢንፌክሽንና ሳል እንኳ ሳያስከትል በማህፀንና በቱቦ ላይ የሚቀመጥ የነቀርሳ (ቲቢ) በሽታ ይገኙበታል። እናታችን ሐኪም ፊት ምንም አትደብቂ ያሉት ለዚህ ነው፤ እኔ በአሥር ምርመራ የማላገኘውን ታካሚዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትነግረኝ ትችላለች።

የት ለሚለው፣ እስካሁን ከዘረዘርኳቸው አብዛኞቹን ደሴ ላይ መጨረስ ይቻላል። ደሴም ወልድያም ያሉት ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስቶች አሏቸው፤ ሐይቅ ካለው ጤና ተቋም ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። አንዳንዱ የሆርሞን ምርመራ በሆስፒታሉ በማይሠራበት ጊዜ ወደ ግል ቤተ ሙከራ ሊላክ ይችላል። ወደ አዲስ አበባ የሚያስኬደው ሁለቱም ቱቦዎች ተዘግተው ሲገኙ፣ በዘር ፈሳሹ ውስጥ ዘር ሲጠፋ ወይም እጅግ ሲያንስ፣ አለዚያም ሁሉም ታይቶ ምክንያቱ ሳይገኝ ጊዜው ሲረዝም ነው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥር በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ማዕከል ከሰውነት ውጭ የሚደረገውን ማዳቀል በመንግሥት ተቋም የጀመረ ነው፤ በግል የሚሠሩም አሉ። ይሁን እንጂ ደሴ ላይ የሚሠራ ምርመራ ሳትጨርሱ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ፣ አልጋ ተከራይታችሁ፣ እዚያ «በቅድሚያ የዘር ፈሳሽ አስመርምሩ» እንድትባሉ አልፈልግም፤ ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። እያንዳንዱን የውጤት ወረቀትና የራጅ ፊልም በአንድ ማህደር አኑሩት፤ ሐኪም በቀየራችሁ ቁጥር ከዜሮ እንዳትጀምሩ ይረዳችኋል።

እስከዚያው ሆድ መታሸቱን ያቁሙ፤ የተዘጋ ቱቦ በመታሸት አይከፈትም፤ ሕመም ያለበትን ቦታ ግን ሊያባብስ ይችላል። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ መገናኘት ይበቃል፤ ቀን እየቆጠሩ መጨናነቅ አያስፈልግም። 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድም ከአሁኑ በየቀኑ ይጀምሩ፤ እርግዝናው በመጣ ጊዜ ጽንሱን ከአከርካሪና ከአንጎል አፈጣጠር ችግር ለመጠበቅ የሚረዳው ከመጸነሱ በፊት ሲጀመር ነው።


መልስ 3፦ ዲያቆን ከኩታበር

በሕክምናው ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ጸበል ብቻ አንድ ቃል ልበል። ጠያቂዋ ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም አላውቅም፤ በእኛ አገር ስለት የሚሳለውም፣ ዱዓ የሚያስደርገውም ጎን ለጎን የሚኖር ሕዝብ ነው። ግሸን የሚወጣ ሰው መድኃኒቱን ቤቱ ጥሎ እንዲወጣ የሚያዝ ሥርዓት የለም። ጸሎት ላይ ነኝ ብለው የሐኪም ቀጠሮ ያሳለፉ፣ የጀመሩትን መድኃኒት ከመካከል ያቋረጡ ባልና ሚስቶችን አውቃለሁ፤ በኋላ ያዘኑት በራሳቸው ነው። እምነትሽን ያዢ፤ ቀጠሮሽንም አክብሪ።


መልስ 4፦ የባቲ ልጅ

ይህን የምጽፈው ለአንቺ ሳይሆን ለባለቤትሽ ነው፤ ከቻልሽ አስነብቢው።

ወንድሜ፣ እኔ የጭነት መኪና አሽከርካሪ ነኝ፤ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጌ ወደ ሚሌ እወርዳለሁ። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመረመር እኔ ከበር ላይ አድርሻት እመለስ ነበር። ጤነኛ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ በጉልበቴም በትዳር አልጋዬም የጎደለኝ ስለሌለ። ዘር መኖርና ወንድነት አንድ ነገር ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ ራሱ ስልክ ደውሎ «ወንድሜ፣ የባለቤትህን ሁሉ ነገር አይቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን ያንተን ሳላይ አንድ ክኒን አልጽፍላትም» አለኝ። ያን ሐኪም እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አመሰግነዋለሁ።

ውጤቴ 4 ሚሊዮን ነበር። ወረቀቱን አራት አጥፌ በመታወቂያዬ ልባድ ውስጥ ከትቼ ሦስት ቀን ለማንም ሳልናገር ዞርኩ። ሚሌ ላይ በሙቀቱ ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ አውጥቼ እንዳነበብኩት አላስታውስም። በአራተኛው ቀን ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበችና «እንግዲህ ሐኪሙ መቼ ና አለህ?» ብቻ አለችኝ። ወንድሜ፣ የፈራሁት ሁሉ በዚያች ጥያቄ አለቀ።

በግራ በኩል የዘር ፍሬዬን ከበው የሚሄዱት የደም ሥሮች አብጠው ነበር፤ ሐኪሙ በእጁ ዳስሶ አገኘው። በቀዶ ሕክምና ተስተካከለልኝ። ሲጋራ አቆምኩ፤ ጫት በየቀኑ እቅም ነበርና እሱንም ተውኩ፤ ሁለቱም የዘርን ጥራት ሊጎዱ እንደሚችሉ ሐኪሙ አስረድቶኛል። ከሞተሩ በላይ ቀኑን ሙሉ በሙቀት መቀመጥም እንደማይረዳኝ ነግሮኝ በመንገድ ላይ ቶሎ ቶሎ እየወረድኩ ማረፍ ጀመርኩ። ከሰባት ወር በኋላ ቁጥሩ 15 ሚሊዮን ደረሰ፤ በዓመቱ ባለቤቴ አረገዘች፤ ልጃችን አሁን ሁለት ዓመት ሞልቷታል። የሁሉም ሰው እንደኔ አይሆንም፤ የኔ መንገድ ያንተ ላይሆን ይችላል። ግን ባለቤቴ ለምንም ጥቅም ሳይሆን የተወጋችውን መርፌ፣ የዋጠችውን ክኒን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

አንቺም እህቴ፣ «አንተ ተመርመር» አትበይው፤ «በአንድ ቀን ሁለታችንም እንመርመር፤ ወረቀቱንም አብረን እንክፈተው» በይው። ወንድ የሚፈራው ምርመራውን አይደለም፤ ወረቀቱን ብቻውን ማንበቡን ነው።


መልስ 5፦ የሐይቅ ዳሯ

የመለሳችሁልኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ስልኩን ለባለቤቴ ሰጠሁት፤ የባቲውን ወንድሜን መልስ ሁለት ጊዜ አነበበው። ምንም ሳይል ተኛ። ዛሬ ጠዋት ቡና ሳፈላ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ታምሞ እንደነበር፣ በዚያን ጊዜም ከታች አንደኛው ወገን አብጦ ሳምንት ሙሉ እንዳስተኛው፣ አንድ ጎልማሳ ዘመድ «ይኸ ነገር ዘር ያጠፋል» ሲል ሰምቶ ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቡ እንደያዘው ነገረኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገረውም፤ ስንጋባም ሊነግረኝ ፈልጎ እንደፈራ ነገረኝ። አልቆጣሁትም። እጁን ይዤው ቡናው ገነፈለ።

በሚቀጥለው ሰኞ ደሴ ልንሄድ ተስማምተናል፤ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ከሰፈር ማንም ወዴት ነው ብሎ አይጠይቀንም። ሐኪም ሆይ፣ ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፤ ያ ጆሮ ደግፍ በእርግጥ ዘር ያጠፋል? ናሙናውንስ እዚሁ ቤታችን ወስዶ ይዞ መሄድ ይችላል? ሆስፒታል ውስጥ መስጠቱ አሳፍሮታል።


መልስ 6፦ ሐኪም ከወልድያ

ባለቤትዎ ይህን መናገራቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ለሐኪሙም እንዲሁ በግልጽ ይንገሩት። ጆሮ ደግፍ ከጉርምስና በኋላ ሲይዝ የዘር ፍሬን ሊያሳብጥና ሊጎዳ ይችላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያጠቃው አንዱን ወገን ብቻ ስለሆነ ዘርን ፈጽሞ የሚያጠፋው በጥቂቶች ላይ ነው። ሌላው ወገን ለሁለቱም ሊበቃ ይችላል። የተቆጠረ ነገር ሳይኖር አሥራ ስምንት ዓመት የተሸከሙትን ፍርሃት ሰኞ ያስቆጥሩት።

ናሙናው ከወጣ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ የምትጠብቁት ጊዜ፣ ከመናኸሪያ ሆስፒታል የምትደርሱበት ሲጨመር ሰዓቱ ያልፋል። የደሴ የጠዋት ብርድም ዘሩን ያደክመዋል። ስለዚህ እዚያው ቢሰጡ ይሻላል፤ ሆስፒታሉ የተለየ ክፍል ከሌለው ግን አጠገቡ አንድ የአልጋ ክፍል ይያዙ፤ ክዳን ያለውን ንጹሕ የናሙና ዕቃ አስቀድመው ከቤተ ሙከራው ይቀበሉ፤ ስማቸውንና የወጣበትን ሰዓት ይጻፉበት፤ ከልብስ ሥር ገላቸው ላይ አስጠግተው ይዘውት ይሂዱ። ኮንዶም ውስጥ አይያዝ፤ ዘሩን የሚገድል ነገር ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው ጠብታ ከፈሰሰባቸውም ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ብዙው ዘር ያለው በእርሱ ውስጥ ነውና ምርመራው በሌላ ቀን ይደገማል።

ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አስሉና ከሐሙስ ወይም ከዓርብ ጀምሮ ይታቀቡ። ደግሞም ቤተ ሙከራው ይህን ምርመራ የሚቀበልበት የተወሰነ ቀንና ሰዓት ሊኖረው ስለሚችል፣ ደሴ የሚኖር ዘመድ ካላችሁ እስከ ዓርብ ድረስ ሄዶ ይጠይቅላችሁ። ማክሰኞ ነው ካሉ ማክሰኞ ሂዱ።